ሃንስ ቦክለርና አሥራ አንደኛው ወንበር

አንድ ዓይነት የብረት ማቅለጫ ምድጃ በሁለት አገሮች ቢተከል፣ ከምድጃው ፊት የሚቆመው ወዛደር በድርጅቱ አመራር ላይ የሚኖረው ድምፅ በሁለቱም አገሮች አንድ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚወስኑት የየአገሩ ሕግ፣ የሠራተኛ ማኅበራቱ አደረጃጀት፣ እንዲሁም በሠራተኛውና በከበርቴው መካከል የተካሄደው ትግል ያለፈበት ታሪክ ናቸው። ለዚህም የጀርመናዊው የሠራተኞች መሪ የሃንስ ቦክለር ሕይወት ጉልህ ማስረጃ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦክለር በ1875 በባቫሪያ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በሞተ ጊዜ ገና ልጅ ነበርና ቤተሰቡን ለመርዳት ሥራ ጀመረ፤ ሙያውም ወርቅና ብር ቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ማሳሳት ነበር። በ1894 የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር አባል ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ቆሰለ፤ በ1928 ለፓርላማ ተመረጠ።

በዚያን ጊዜ ጀርመን ለሠራተኛው ጠባብ በር ከፍታ ነበር። የ1920ው ሕግ በየፋብሪካው የሠራተኞች ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈቀደ፤ በ1922 ደግሞ የሠራተኛ እንደራሴዎች በአክሲዮን ማኅበራት ተቆጣጣሪ ቦርድ እንዲቀመጡ ተደረገ። ነገር ግን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለነበሩ ከማዳመጥ ያለፈ ኃይል አልነበራቸውም። ያም ቢሆን አልዘለቀም። ሜይ 2 ቀን 1933 ናዚዎች የማኅበራቱን ጽሕፈት ቤቶች ወረሩ፤ ንብረታቸውን ወረሱ፤ መሪዎቻቸውን አሰሩ። በ1934 የወጣው ሕግም አሠሪውን መሪ፣ ሠራተኛውን ተከታይ ብሎ ሰየመ።

ጦርነቱ በ1945 ሲያበቃ የ70 ዓመቱ ቦክለር በሃይማኖትና በፓርቲ ያልተከፋፈለ አንድ ማኅበር ለማቋቋም ተነሣ። የሩር ብረታ ብረት ፋብሪካዎች በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ባለሀብቶቹ ፋብሪካዎቹ እንዳይነቀሉና እንዳይወረሱ ስለሰጉ የሠራተኛውን ድጋፍ ፈለጉ፤ ስለዚህም ከማርች 1947 ጀምሮ በነዚህ ፋብሪካዎች ቦርድ ሠራተኛውና ባለአክሲዮኑ በእኩል ቁጥር መቀመጥ ጀመሩ። ቸርነት እንዳልነበረ ልብ ይሏል። በኦክቶበር 1949 ደግሞ 16 ማኅበራት በሙኒክ ተዋሕደው ወደ 5 ሚሊዮን አባላት ያሉት ኮንፌዴሬሽን ሲመሠርቱ ሊቀመንበሩ ቦክለር ሆነ።

አዲሱ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ይህን እኩልነት የሚያስቀር ሕግ ሲያሰናዳ ፈተናው መጣ። የብረታ ብረትና የማዕድን ሠራተኞች ከመቶ ከ90 በላይ በሆነ ድምፅ ለሥራ ማቆም አድማ ወሰኑ። ቦክለር ይህን ውሳኔ ይዞ በጃንዩዋሪ 1951 ከካንስለር አደናወር ጋር ተደራደረ፤ አድማው ሳይጀመር ስምምነት ተደረሰ።

በስምምነቱ መሠረት፣ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ባሉት የድንጋይ ከሰልና የብረታ ብረት ድርጅት ቦርዱ 11 አባላት ይኖሩታል፤ አምስቱ የባለአክሲዮኖች፣ አምስቱ የሠራተኞች፣ አሥራ አንደኛው ከሁለቱም ወገን ያልሆነ። በስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ድምፅ እኩል ሲከፈል ነገሩ ሁሉ በዚያ በአንዱ ወንበር ላይ ይወድቃል። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊውም የሠራተኞቹ እንደራሴዎች እየተቃወሙት ሊሾም አይችልም።

ቦክለር ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1951 ሞተ፤ ፓርላማው ሕጉን ያጸደቀው በኤፕሪል ነው። የጠየቀውን ሁሉ አላገኘም። ቁልፍ ኢንዱስትሪዎች የሕዝብ ንብረት ይሁኑ ይል ነበር፤ አክሲዮኑ ግን ከባለቤቶቹ እጅ አልወጣም። በ1952ም በሌሎች ኢንዱስትሪዎች ለሠራተኛው የተሰጠው የቦርድ ወንበር ሲሶ ብቻ ሆነ። የ1976ቱ ሕግ ከ2,000 በላይ ሠራተኞች ባሉባቸው ኩባንያዎች ቁጥሩን እኩል ቢያደርግም፣ ድምፅ ሲከፈል የሚወስነው ሊቀመንበር በመጨረሻ በባለአክሲዮኖቹ ወገን የሚመረጥ ነው። አሥራ አንደኛው ወንበር በዚህ መንገድ ተመልሶ ተወሰደ ለማለት ይቻላል።

በብሪታንያ የቡሎክ ኮሚቴ በ1977 ሠራተኞች በቦርድ እንዲቀመጡ ሐሳብ ቢያቀርብም፣ አሠሪዎች ተቃወሙ፤ ማኅበራቱም ተከፋፈሉ፤ ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ። በአሜሪካ የ1935ቱ ሕግ ለሠራተኛው በማኅበር የመደራደር መብት ሲሰጥ፣ የቦርዱን ምርጫ ለባለአክሲዮኖች ተወ።

የ1951ዱ ሕግ አልተሻረም። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2018 በቦትሮፕ ከተማ የጀርመን የመጨረሻው ጥልቅ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ተዘጋ፤ ሕጉ የሚመለከታቸው ድርጅቶችም ጥቂት ሆነዋል።