የውሃውን ኃይል ለከተሞች ያዳረሰው ከንቲባ፤ አዳም ቤክ



ከመካከላችሁ ቶሮንቶ ውስጥ ዘመድ ያለው ቢጠይቅ፣ እዚያ የቤት መብራት ሂሳብ «ሃይድሮ» እየተባለ እንደሚጠራ ይሰማል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ውሃ ማለት ነው። መብራት በውሃ ስም እንዲጠራ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው የአንዲት ከተማ ከንቲባ የነበረ ሰው ነውና በዚህ እትም የእሱን ታሪክ እናቀርብላችኋለን።

አዳም ቤክ እ.ኤ.አ. በ1857 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ባደን በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን አገር መጥተው የሰፈሩ ነበሩ። አባቱ ወፍጮና የብረት ማቅለጫ ነበረው። አዳም በትምህርቱ እምብዛም ስላልነበረ (ይህን ለስንፍና ምክንያት እንዳታደርጉት!) አባቱ ወደ ማቅለጫው አስገብቶ ከዝቅተኛው ሥራ አስጀመረው። ቆይቶም የአባቱ ንግድ ከሰረ። አዳም ከወንድሙ ጋር ሆኖ የሲጋር ማሸጊያ የእንጨት ሣጥን የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ በ1880ዎቹ አጋማሽም ፋብሪካውን ወደ ለንደን አዛወረ። ይህች ለንደን የእንግሊዟ አይደለችም፤ ከቶሮንቶ በስተምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት።

በ1902 የለንደን ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ምርጫው በየዓመቱ ስለነበር ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። በዚያው በ1902 ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም ተመረጠ፤ በጊዜው ሁለቱን ሥራ ደርቦ መያዝ ይቻል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ኦንታሪዮ የራሷ ድንጋይ ከሰል አልነበራትም። ፋብሪካዋም ምድጃዋም የሚነደው ከአሜሪካ በሚመጣ ከሰል ነበር። በ1902 የፔንሲልቫንያ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ከሰሉ ጠፋ፤ የኦንታሪዮም ሰው ብርድና ሥራ መፍታት አሰጋው። ይህ ሁሉ ሲሆን የናያግራ ፏፏቴ እዚያው ደጃቸው ይወርድ ነበር። ግን ውሃውን ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ፈቃድ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ስለነበረ፣ ትንንሾቹ ከተሞች ኃይሉ ለትልቋ ቶሮንቶ ብቻ እንዳይሆን፣ እኛም ጋ ቢደርስ በውድ ዋጋ እንዳይሆን ብለው ሰጉ።

ከተሞቹ ተባብረው ኃይሉን በጋራ ያምጡ የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ ያፈለቀው ቤክ አልነበረም። ዳንኤል ዴትዋይለር የሚባል የበርሊን ከተማ ነጋዴ (ይህች በርሊን ዛሬ ኪችነር የምትባለው የኦንታሪዮ ከተማ ናት) በብስክሌት ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሹማምንቱንና ባለፋብሪካዎቹን ያግባባ ነበር። በ1903 የከተሞቹ ተወካዮች በርሊን ላይ ሲሰበሰቡ ቤክም እንደ አንድ ከንቲባ ተገኘ። ጉዳዩን ከዚያ በኋላ የራሱ አደረገው።

በ1905 ፓርቲው ሥልጣን ሲይዝ ቤክ ሚኒስትር ሆነ፤ በ1906 በሕግ የተቋቋመው የውሃ ኤሌክትሪክ ኮሚሽንም ሊቀመንበር ሆነ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ኮሚሽኑ ኃይሉን ናያግራ ላይ ካለ ኩባንያ በጅምላ ይገዛል፣ ምሰሶ ተክሎ ሽቦ ይዘረጋል፣ ለየማዘጋጃ ቤቱም ትርፍ ሳይጨምር ያስረክባል። ዕዳውን ከተሞቹ ይካፈሉታል። ስለዚህ በ1907 ነዋሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ ባለሀብቶቹ አጥብቀው ቢቃወሙም ብዙዎቹ ከተሞች ደገፉት። በጥቅምት 1910 በርሊን ላይ ቁልፉ ሲነካ፣ በ110,000 ቮልት መስመር የመጣው የናያግራ ኃይል አዳራሹን አበራው።

ገበሬው ግን ገና በፋኖስ ነበር። እናንተም በፋኖስ ዙሪያ የምታጠኑ ስለሆናችሁ ይህን ክፍል በተለይ ልብ በሉት። ቤክ ከ1912 ጀምሮ ሞተሮችና መሣሪያዎች አስጭኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር፤ እህል ሲወቃ፣ ላም ሲታለብ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ፣ ልብስ ሲታጠብ ሁሉ በኤሌክትሪክ እየተሠራ ይታያል። ሕዝቡ ይህን ትርዒት የሃይድሮ ሰርከስ ብሎ ጠራው። ሆኖም ሽቦውን እያንዳንዱ እርሻ ድረስ መዘርጋት ውድ ስለነበር፣ በ1921 መንግሥት የገጠሩን መስመር ግማሽ ወጪ እንዲሸፍን እስኪወሰን ድረስ ሥራው ቀርፋፋ ነበር።

አንድ ልጁ የሳንባ ነቀርሳ በያዛት ጊዜ ደግሞ ለሌሎች በሽተኞች በማሰብ ገንዘብ አሰባስቦ በ1910 ለንደን አጠገብ የነቀርሳ ሐኪም ቤት አስከፈተ።

ጥፋቱንም መደበቅ አይገባም። ቤክ ቁጡ ነበር። ሂሳብ አሳይ ሲሉት የጠየቀውን ሰው እንደ ጠላት ያይ ነበር። በ1921 ሥራ የጀመረው ትልቁ የኩዊንስተን ኃይል ማመንጫ ከተገመተው ብዙ እጥፍ ፈጀ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ከተሞቹን በኤሌክትሪክ ባቡር ለማገናኘት ያወጣውን እቅድም የቶሮንቶ መራጮች በ1923 አልቀበልም አሉት። በ1919 የገዛ ከተማው መራጮች ከምክር ቤት አውጥተውት ነበር፤ በ1923 መልሰው መረጡት።

በነሐሴ 1925 በ68 ዓመቱ ለንደን ውስጥ አረፈ። በ1934 ቶሮንቶ ላይ ሐውልት ቆመለት፤ የኩዊንስተን ማመንጫም በ1950 በስሙ ተሰየመ፣ ዛሬም ይሠራል። እሱ የመሠረተው ድርጅት በ1999 ተከፋፈለ፤ የማስተላለፊያ መስመሩን የያዘው ኩባንያ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ አክሲዮኑ ለግል ባለሀብቶች መሸጥ ሲጀምር፣ መስመሩ የሕዝብ ይሁን ወይስ የባለሀብት የሚለው ክርክር እንደገና ተነሣ። ሂሳቡን ግን ሰዉ አሁንም ሃይድሮ ይለዋል።