አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን

ልጆች፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ በማያውቁት ሰዎች መካከል እንዴት ይታመናል? ከአባ ሰላማ ሕይወት እንማር።

የአባ ሰላማ የቀድሞ ስማቸው ፍሬምናጦስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ሰው፣ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ በባሕር ይጓዝ ነበር። መርከቡ ውኃና ስንቅ ለመያዝ ወደብ ላይ ሲቆም፣ የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር ተጣልተው ነበርና ተጓዦቹን ገደሏቸው። ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ አገኟቸው፤ አዝነውላቸውም ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው።

ልጆቹ ወገኖቻቸው በሞቱበት ምድር ቀሩ። ቢሆንም የተሰጣቸውን ሥራ በታማኝነት ሠሩ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስም የገንዘቡና የጽሕፈቱ ኃላፊ ሆነ።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ወደ ሀገራቸው መመለስ ይችሉ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ቆዩ። በዚያ ጊዜ ፍሬምናጦስ በአክሱም የሚነግዱትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኘ፤ የሚጸልዩበትም ቦታ እንዲኖራቸው ረዳቸው።

የንጉሡ ልጅ ሲያድግ አደራቸውን አስረክበው ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ፣ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ እንደማይገኝ አይቶ ራሱን ሾመው።

ፍሬምናጦስ ጳጳስ ሆነው ወደ አክሱም ተመለሱ። ሕዝቡም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ጠራቸው። በንጉሥ ኢዛና ዘመንም በአክሱም ገንዘብ ላይ የነበረው የጨረቃ ምልክት በመስቀል ተተካ። ይህን ታሪክ ሩፊኖስ የተባለ ጸሐፊ ከራሱ ከኤዴስዮስ ሰምቶ ጽፎታል። የአባ ሰላማ በዓል ሐምሌ 26 ቀን ይከበራል።

ልጆች፣ ፍሬምናጦስ አስቀድሞ አገለገለ፣ አደራ ጠበቀ፣ ከዚያ ታመነ። የአክሱም ሰዎችም እንግዳውን ልጅ ተቀብለው ሥራ ሰጡት። በጨፋ ሮቢትም አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከሌላ አገር መጥታችሁ ከሆነ የጎረቤታችሁን ቋንቋ ተማሩ፤ የተሰጣችሁን ሥራ በደንብ ሥሩ። ነባር ከሆናችሁ ደግሞ አዲሱን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡት።

ጥያቄ
1. ፍሬምናጦስ በቤተ መንግሥት ምን ሥራ ነበረው?
2. ንግሥቲቱ ስትለምናቸው ወንድማማቾቹ ምን አደረጉ?
3. አዲስ ተማሪ ወደ ክፍላችሁ ቢመጣ በመጀመሪያው ቀን ምን ታደርጉለታላችሁ?