ሬጂናልድ ሐምሊንና የውስጥ ጠባሳ

በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክም ሆነ በአካባቢው ቀበሌዎች፣ ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ሆና ገደሉን ከመውረድ በቀር ሌላ ተስፋ ያልነበራት ዘመን ሩቅ አይደለም። የሕፃኑ ራስ ከዳሌ አጥንት ጋር እየተጋጨ ሥጋውን ለቀናት ሲጫነው ደም ይቋረጣል፤ ደም የተነፈገውም ሥጋ ሞቶ ይወድቃል። በፊኛና በማሕፀን በር መንገድ መካከል ቀዳዳ ይቀራል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ የቀዳዳውም ዙሪያ ወደ ደረቅ ጠባሳ ይለወጣል። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የሕይወታቸውን የመጨረሻ 34 ዓመታት የሰጡት ከዚህ ጠባሳ ጋር ለተያያዘው ትግል ነው።

የተወለዱት በኒውዚላንድ በ1908 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሲድኒ በክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ሲሠሩ ከሐኪም ካትሪን ኒኮልሰን ጋር ተዋውቀው በ1950 ተጋቡ። በ1952 እርጉዞችን ስለሚገድለው የደም ግፊትና መንቀጥቀጥ መከላከያ ያሳተሙት ጽሑፍ ስማቸውን አስጠራ። በ1959 ግን የሚያስከብራቸውን ቦታ ትተው ከሚስታቸውና ከትንሹ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም፣ ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ሆስፒታሉ በለንደን ነርስነትን ተምረው በ1942 ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ላረፉት ልዕልት መታሰቢያ የቆመ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ሞት አላዳነምና።

ባልና ሚስቱ ከዚያ በፊት ፊስቱላ አይተው አያውቁም። መጻሕፍት አገላበጡ፤ የካይሮውን ታላቅ ሐኪም ናጊብ ማሕፉዝን ምክር ጠየቁ፤ ከዚያም ቢላዋውን አነሡ።

በዚያን ጊዜ የሕክምናው ዓለም ጠባሳን በመድኃኒት ለመግታት በብርቱ ተስፋ ያደርግ ነበር። ኮርቲዞን በ1948 በቁርጥማት በሽተኛ ላይ ተሞክሮ ድንቅ ውጤት ስላሳየ፣ በ1960 ገደማ አንዳንድ አሜሪካውያን ሐኪሞች የፊስቱላው ዙሪያ ብግነት እንዲበርድና ወራት ሳይጠበቅ ለመስፋት እንዲቻል ከቀዶ ጥገና በፊት ይሰጡት ጀመር። ስለ ሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገናም የታሰበው ይኸው ነው። የሆድ ዕቃው ስስ ሽፋን ሲጎዳ ሙጫ መሰል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ሙጫው በጥቂት ቀናት ካልሟሟ ጅማት ይሆንና አንጀትን ከአንጀት ያጣብቃል፤ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ አንጀቱን አንቆ ይዘጋዋል። ኮርቲዞንም፣ በኋላ የመጡት እነ ኢቡፕሮፌንም በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥተዋል፤ በሰው ላይ ግን አጥጋቢ ማስረጃ አልተገኘላቸውም። ምክንያቱ አያስደንቅም፤ መድኃኒቱ የሚያበርደው ብግነት የተሰፋውንም ሥጋ የሚያጋጥመው ያው ብግነት ነው። ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ ተብሎ ጨርሶ እንዳይጠነክር ቢደረግ ማን ይጠቀማል? የተሰፋ አንጀት ቢያፈስ ከመጣበቁ ይልቅ ይገድላል። ስለዚህ የዛሬ ቀዳጅ ሐኪሞች በቅድሚያ የሚተማመኑት ሥጋን በለስላሳ እጅ በመያዝ፣ ደም በማቆምና ከጓንት የሚረግፍ ዱቄት በሆድ ውስጥ እንዳይቀር በመጠንቀቅ ነው።

የሐምሊን ዝናም የቆመው በመድኃኒት ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ማርቲዩስ በ1928 በገለጸው ዘዴ፣ ከከንፈረ ብልት ሥር የሚገኘውን ስብ ከነደም ሥሩ አምጥተው በተሰፋው ግድግዳ መካከል ያኖሩት ነበር፤ በደረቀው ጠባሳ ላይ አዲስ ደም እንዲመጣ ለማድረግ ማለት ነው። ከታካሚዎቻቸው አብዛኞቹ ዳኑ። ፊኛው ፈጽሞ የጠፋባቸው ግን ሆዳቸው ተከፍቶ ሽንቱ በሌላ መንገድ እንዲወርድ መደረግ ነበረበት፤ እነዚህም የሆድ ዕቃው መጣበቅ አደጋ የሚያሰጋቸው ናቸው።

በሽተኛ ሆነው ከመጡት መካከል ማሚቱ ጋሼ ትገኛለች። ማንበብና መጻፍ የማትችል ወጣት ነበረች፤ ሐምሊን በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ አጠገብ አቁመው መሣሪያ ማቀበልን፣ ቀጥሎም መስፋትን አስተማሯት። በ1989 ለንደን የሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሐምሊኖችንና እርሷን በወርቅ ሜዳልያ አከበረ። ከዲግሪ ይልቅ እጅ የሚመዘንበት ጊዜም አለና ይህ ሽልማት ተገቢ ነበር።

የፊስቱላ ሆስፒታሉ በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ተከፈተ። ብዙ የውጭ ዜጎች ሲወጡ እነርሱ ቀሩ። የዳነች ሴት ወደ ቀዬዋ ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኝ ነበር። ሐምሊን በ1993 ሲያርፉ ካትሪን ሥራውን ቀጠሉ፤ በ2005ም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ስለተከፈተ ከላስታ የምትመጣዋ በሽተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ግድ አልሆነባትም።