ዳግማዊ ምኒልክና የእጅ ሠራተኛው

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ተወስደው ዐሥር ዓመት ያህል ከቈዩ በኋላ፥ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን የሸዋን አልጋ ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ያገኙትን ድል የማያውቅ የለም። ዛሬ ልናስታውሰው የወደድነው ግን ከባዕድ ጠላት ጋራ ሳይሆን ከገዛ ሕዝባቸው ልማድ ጋራ ያደረጉትን ትግል ነው።

በዚያ ዘመን ብረት ሠሪው፥ ሸማኔው፥ ፋቂው፥ ሸክላ ሠሪዋም በሥራቸው ይሰደቡ ነበር። ገበሬው ማረሻውን፥ ፈረሰኛው ልጓሙን፥ ካህኑ ጽናውን ከእነዚሁ እጅ እየተቀበለ መልሶ ቡዳ ይላቸው ነበር። ሰውም የናቀውን ሰው ጉዳት አይመለከትም፤ የብረት ፍንጣሪ ዐይኑን ቢያጠፋው፥ ጢስ ደረቱን ቢያደርቀው፥ የተፈጥሮው ዕጣ ነው ተብሎ ይታለፋል እንጂ ጉዳቱን ለማስቀረት የሚያስብለት አይገኝም።

ንጉሡ አስቀድመው በሥራ አስተማሩ። በክፉ ቀን በሬ ባለቀ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ፤ መኳንንቱም አፍሮ ተከተለ። ቀጥሎም በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንዲቈጠር፥ ተሳዳቢውም አንድ ዓመት እንዲታሰር በዐዋጅ አስነገሩ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን፥ ሌላው አገር መድፍና ባቡር የሠራው ብልኀተኛውን ስላከበረ መሆኑን ገለጡ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልማድ ግን በአንድ ዐዋጅ አይነቀልምና ንቀቱ ከእሳቸው በኋላም ብዙ ዘመን ቈየ።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በአዊ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ዲከረንስ የተባለውን ግራር እየተከሉ ከሰል ማክሰል በቅርብ ዓመታት ተስፋፍቶ ለብዙ ቤተ ሰብ ገቢ አስገኝቷል። ነገር ግን ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ሳንባን የሚጐዳ፥ ሽታ የሌለውም መርዝ ያለበት ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁሙ፥ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ሲባል፥ አባቶቻችን ያለዚህ ኖረዋል የሚለው መልስ ይሰማል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ፥ ሠራተኛውም እንዲጠቀምበት ያዛል፤ በገዛ ምድጃው ጢስ ውስጥ ለሚውለው ገበሬ ግን አሠሪው ራሱ ስለ ሆነ፥ ከሕጉ ይልቅ የሚደርስለት ምክር ነው።

እንግዲህ ሹሙ ሥራው ካለበት ስፍራ ወርዶ በዐይኑ ይመልከት፤ ካህኑም ነፍስን መጠበቅ ፍርሀት አለመሆኑን በዐውደ ምሕረት ያስተምር። ንጉሡ ዶማ ከያዙ በኋላ ያስነገሩት ዐዋጅ ነውና፥ እኛም ሥራውን ሳናከብር ትእዛዝ ብቻ ብናበዛ የሚሰማን አናገኝም።