አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፤ የጥሪን ብዛት በስሌት የገዛ ሊቅ

የመገናኛ መሐንዲሶች የጥሪን ጭነት የሚለኩበት አሐድ «ኤርላንግ» ይባላል። አንድ መስመር ለአንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢያዝ የተሸከመው ጭነት አንድ ኤርላንግ ነው። በአማካይ ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚፈጁ 30 ጥሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢስተናገዱም ጭነቱ ያው ነው። ስሙን ለመለኪያው ያወረሰው ሰው የሕይወት ታሪክ ግን በሙያው ባልደረቦች ዘንድ እንኳ እምብዛም አይነገርም።

ኤርላንግ በዴንማርክ አገር፣ በዩትላንድ ልሳነ ምድር፣ ሎንቦርግ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ የመንደሩ መምህር ነበር። እናቱ ከካህናት ወገን ስትሆን ከዘር ሐረጓ የሒሳብ ሊቁ ቶማስ ፊንኬ ይቈጠራል። ኤርላንግ ልጅ ሳለ ወንድሙ መጽሐፍ ዘርግቶ ሲያነብ እርሱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ያንኑ ገጽ ከግርጌው በኩል ያነብ እንደ ነበር ይነገራል። በ14 ዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን የመጀመሪያ ፈተና ለመፈተን ዕድሜው ስላልደረሰ ልዩ ፈቃድ አስፈለገው፤ ፈተናውንም በማዕረግ አለፈ። በ1901 ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመርቆ ለጥቂት ዓመታት በመምህርነት ሠራ።

ከስልክ ሥራ ጋር ያገናኘው የዴንማርክ የሒሳብ ማኅበር ነው። በማኅበሩ ስብሰባዎች ላይ ከኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ከዮሐን የንሰን ጋር ተዋወቀ። የንሰን ኑሮውን በስልክ ሥራ ይግፋ እንጂ ራሱም የታወቀ የሒሳብ ሰው ነበር። የሙያ ማኅበር ስብሰባ ፍሬ የለውም ለሚሉ ይህ ትውውቅ በቂ መልስ ይመስላል፤ ኤርላንግ በ1908 በኩባንያው ተቀጠረና እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያው ሠራ።

የቀረበለት ችግር ሲሰሙት ቀላል ነበር። መስመር ሲያንስ ደንበኛው ሳይስተናገድ ይመለሳል፤ ሲበዛ ደግሞ ውድ መዳብ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ታዲያ ስንት መስመር ይበቃል? ኤርላንግ በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ደዋዮች ሳይመካከሩ በየራሳቸው ጊዜ ሲደውሉ የጥሪዎቹ ብዛት የፑዋሶንን የዕድል ሕግ እንደሚከተል አሳየ። በ1917 ያወጣው ጽሑፍ ደግሞ ጥሪው ሁሉም መስመር ተይዞ የሚያገኝበትን ዕድል የሚያሰላውን ቀመር ያዘ። አንድ ኤርላንግ ጭነት በአንድ መስመር ላይ ቢጣል ከሁለት ጥሪ አንዱ ይመለሳል። መስመሩ ሁለት ሲሆን ከአምስት አንዱ፣ ሦስት ሲሆን ከ16 አንዱ፣ አራት ሲሆን ከ65 አንዱ ብቻ ይመለሳል። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ጭነቱ ዐሥር እጥፍ ቢያድግ 40 መስመር አለማስፈለጉ ነው፤ ከመቶ ሁለት ጥሪ እንኳ ሳይመለስ 17 መስመር ይበቃዋል። አነስተኛ ቡድኖችን አዋሕዶ አንድ ትልቅ ቡድን ማድረግ ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን መሐንዲሶች በቁጥር የተረዱት በዚህ ቀመር ነው። የእንግሊዝ የፖስታ መሥሪያ ቤትም ቀመሩን ተቀብሎ ሠርቶበታል።

ኤርላንግ የወረቀት ሰው ብቻ አልነበረም። ከኬብሎች የሚያፈተልከውን ኤሌክትሪክ ለመለካት፣ መሰላል የሚሸከምለት ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሃገን ጎዳናዎች በየኬብል ጉድጓዱ ይወርድ ነበር። ትዳር አልያዘም፤ ገንዘቡን ለመጻሕፍትና ለችግረኞች ያውል ነበር። ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሕመም ምክንያት ከሥራ አልቀረም። በ1929 መጀመሪያ ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገብቶ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በ51 ዓመቱ ዐረፈ። ስሙ ለዓለም አቀፉ መለኪያ የተሰጠው በ1946 ነው።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ የመዳቡን ቦታ የሬዲዮ ቻናል ያዘ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። የአንድ አንቴና ጣቢያ ቻናል ጥቂት ስለሆነ ለድምፅ ጥሪ ስንት እንደሚመደብ የ1917ቱ ቀመር ይወስን ጀመር። ይሁን እንጂ ቀመሩ፣ የተመለሰ ደዋይ ደግሞ አይደውልም የሚል ግምት አለበት። በበዓል ዋዜማ መስመር ያጣ ሰው ግን ደጋግሞ ይሞክራል፤ በመኪና የሚጓዘውም ሰው ጥሪውን እንደ ያዘ ወደ ጎረቤት ጣቢያ ክልል ይገባል። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚደርሰው በልኬቱ ላይ ነው። የተጨናነቀ ጣቢያ ቆጣሪ የተስተናገደውን ጭነት እንጂ የቀረበውን አያሳይም፤ ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዶ ለመጪው ዓመት የሚተነብይ መሐንዲስ፣ የተመለሱትን ደንበኞች እንዳልነበሩ ቈጥሮ አሁንም ያነሰ ጣቢያ ይሠራል።

የኮምፒዩተር መረጃ ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። በ1990ዎቹ በተካሄዱ ልኬቶች የመረጃ ፓኬቶች እንደ ስልክ ጥሪ በየራሳቸው ሳይሆን በመንጋ እንደሚመጡ፣ መንጋውም በሰከንድም ሆነ በሰዓት ሲታይ እንደማይለዝብ ታወቀ። የፑዋሶን ሕግ እዚህ ላይ አልሠራም፤ ተመራማሪዎችም ኤርላንግ በ1908 እንዳደረገው አዲስ ስሌት ፍለጋ ገቡ።