ለወጣቶች የሥራ ውል የፈረሙት ካህን

ከማሳደጊያ ወይም ከማረሚያ ቤት የሚወጣ ወጣት ማን ይቀበለዋል? ማንስ ሥራ ያስይዘዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬም የብዙ አገሮችን የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ያሳስባል። ቀደም ብለው ተግባራዊ ምላሽ ከሰጡት መካከል ኢጣሊያዊው ካህን ጆቫኒ ቦስኮ ይገኙበታል።

ዶን ቦስኮ በሚል ስም የሚታወቁት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ በ1815 በሰሜን ኢጣሊያ ፒዬሞንት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በሁለት ዓመታቸው አባታቸው በመሞታቸው በእናታቸው በማርጋሪታ እጅ አደጉ። በተማሪነታቸውም በልብስ ሰፊ ዘንድና በቡና ቤት እየሠሩ ራሳቸውን ረድተዋል።

እ.ኤ.አ በ1841 ቅስና ተቀብለው በቱሪን ከተማ እስር ቤቶችን መጎብኘት ጀመሩ። በዚያም ከእስር የተፈቱ ወጣቶች የሚቀበላቸውና የሚመክራቸው በማጣት ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ሲታሰሩ አስተዋሉ። ከዚህም የወጣቶቹ ፈተና የሚበረታው ከበሩ ከወጡ በኋላ መሆኑን ተረዱ።

እ.ኤ.አ በ1846 ቫልዶኮ በተባለው ሰፈር ማዕከላቸውን አቋቋሙ፤ በተከታዩ ዓመትም ወላጅ አልባ ልጆችን በቤታቸው ማሳደር ጀመሩ። እናታቸው ምግብ እያበሰሉና ልብስ እየጠገኑ ያግዟቸው ነበር። ልጆቹ ቀን ቀን በከተማው ባለሙያዎች ዘንድ ሙያ ይማሩ ነበር። ይሁንና በዘመኑ ለማጅ ወጣቶችን በተላላኪነትና በቤት አገልጋይነት ማሠራት፣ መደብደብም የተለመደ ነበር።

ዶን ቦስኮ ይህን ለመግታት የመረጡት መንገድ የጽሑፍ ውል ነው። እ.ኤ.አ በየካቲት 1852 ከአንድ አናጺ ጋር የተፈረመው ውል ለአብነት ይጠቀሳል። በውሉ መሠረት አሠሪው ሙያውን በሁለት ዓመት ውስጥ ሊያስተምር፣ ወጣቱን ከሙያው ውጭ ላያሠራ፣ ሲያጠፋ በቃል ብቻ ሊገሥጽ፣ በበዓላት ቀን ሊያሳርፍ፣ በዓመት የ15 ቀን ፈቃድ ሊሰጥና ደመወዙንም በየጊዜው ሊያሳድግ ግዴታ ገብቷል። ዶን ቦስኮም የወጣቱን ጠባይ ለመከታተል ኃላፊነት ወስደዋል።

እ.ኤ.አ ከ1853 ጀምሮ በማዕከሉ ውስጥ የጫማና የልብስ ስፌት ክፍሎች ተከፈቱ፤ የመጽሐፍ ጥረዛ፣ የአናጺነትና የኅትመት ክፍሎችም ተከተሉ።

ዶን ቦስኮ እ.ኤ.አ በ1888 አረፉ። እ.ኤ.አ በ1859 የመሠረቱት የሳሌዢያን ማኅበር በበርካታ አገሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም በመቀሌና በአዲስ አበባ ጭምር የሙያ ማሠልጠኛዎችን ከፍቷል።

ሕይወታቸው የሚያስተምረው ወጣትን አሳድጎ መሸኘት ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ሙያ፣ መብቱን የሚያስከብር ሰነድና ከወጣም በኋላ የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል።