የራዲዮ ሊቅ የኤድዊን አርምስትሮንግ አጭር የሕይወት ታሪክ

ማታ ፀሐይ በጣና በኩል ስትጠልቅ፣ ከወረታ ወይም ከአንበሳሜ ሆኖ ራዲዮ ለሚከፍት ሰው አጭር ሞገድ የሩቅ አገር ድምፅ ያመጣለታል። መቀበያው በገዛ እጁ የሠራው ባለ አንድ ቫልቮላ ቢሆን ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቀላል መቀበያ መንገዱን የከፈተው ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ለአንባቢያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታየን።

አርምስትሮንግ በ1890 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በኒውዮርክ ተወለደ። እናቱ አስተማሪ ነበሩ፤ አባቱም በመጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ይሠሩ ነበር። በልጅነቱ በጠና ስለ ታመመ ለጊዜው ከትምህርት ቤት ቀረ። ስለ ፈልሳፎችና ስለ ማርኮኒ ሥራ በማንበቡ ግን ልቡ ወደ ራዲዮ ተሳበ። በጣሪያ ሥር ባለችው ክፍሉ ሽቦ ሲጠቀልል ያመሽ ነበር፤ በግቢያቸውም ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም የአንቴና ምሰሶ አቆመ።

ከዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ። በዚያን ጊዜ ሊ ዲ ፎረስት በ1906 የፈለሰፈው ቫልቮላ ነበረ። በውስጡም ሲግል ኤሌክትሮን የሚለቅ ክር፣ ኤሌክትሮኑን የሚቀበል ሳሕን፣ በመካከላቸውም እንደ በር ጠባቂ የሚያሳልፍና የሚገታ ፍርግርግ ይገኛል። ይሁን እንጂ አሠራሩን በሚገባ የተረዳ ሰው ጥቂት ነበር። አርምስትሮንግ በ1912 ገና ተማሪ ሳለ ነገሩን መርምሮ፣ ከሳሕኑ ከሚወጣው የበረታ ሞገድ ከፊሉን በጥቅል ሽቦ አማካይነት ወደ ፍርግርጉ መለሰው። የተመለሰውም እየደጋገመ በመበርታቱ፣ ከአየርላንድ የሚላክ ምልክት በኒውዮርክ ጎልቶ ተሰማ። የሚመለሰው ከልክ ሲያልፍ ግን ቫልቮላው ያፏጫል፤ ስለዚህ ሠሪው መቆጣጠሪያውን ቀስ ብሎ እያዞረ፣ ፉጨቱ ሊጀምር ሲል ያቆመዋል።

አባቱ ትምህርቱን ሳይጨርስ ለፈጠራው ማስመዝገቢያ ገንዘብ አልሰጥም ስላሉ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 ሥዕሉን በውል አዋዋይ ፊት አስፈርሞ አስቀመጠ። ማመልከቻውን ያቀረበው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነበር። በ1918 በፓሪስ በመኮንንነት ሲያገለግል ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ ፈለሰፈ፤ በ1933ም ጫጫታን ለሚቀንሰው ኤፍ ኤም የባለቤትነት መብት አገኘ።

ሆኖም ዲ ፎረስት የመጀመሪያው ፈጠራ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ከብዙ ዓመት ሙግት በኋላ በ1934 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ፈረደ። አርምስትሮንግ ለዚሁ ሥራው የተሸለመውን ሜዳይ ሊመልስ ቢሄድ፣ የራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር አልቀበልም ብሎ በጉባኤ አከበረው። በኋላም ስለ ኤፍ ኤም ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ሲካሰስ ሀብቱ አለቀ፤ ትዳሩም ተናጋ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ተስፋ ቆርጦ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ባለቤቱ ማሪዮን ግን ክሱን ሳያቋርጡ ተከራክረው፣ በ1967 የመጨረሻውን ሙግት ረቱ።

ዛሬ ከባሕር ዳር በኤፍ ኤም የሚሠራጨውን ዝግጅት ስንሰማ የዚህን ሰው ድካም ማስታወስ ይገባናል። አርምስትሮንግ ያለ መታከት በመመርመሩ ለዓለም ጠቀመ፤ ኀዘኑን ብቻውን በመሸከሙ ግን ተጎዳ። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በሥራ እሱን እንምሰል፤ በችግር ጊዜ ግን ለወላጅ፣ ለአስተማሪና ለጓደኛ ማካፈልን አንርሳ።